ሐረጎን የተሻገረ ብናኝ፦ የሳሎን ዘንባባን ከዘር የማብቀል ማስታወሻ

የካቲት 9፣ 2016፣ ደሴ

ዛሬ ጠዋት የዘንባባዋን ቅጠል ስወለውል ከግንዷ ጎን አንድ ነገር ወጥቶ አየሁ። ቀጭን፣ አረንጓዴ፣ ጫፉ ላይ የተበተነ። መጀመሪያ አዲስ ቅጠል መሰለኝ። የዚች ተክል ቅጠል ግን ከአናት እንጂ ከጎን አይወጣም። መነጽሬን ፈልጌ ጠጋ አልኩ። ሰናፍጭ የሚያካክሉ ቢጫ እንክብሎች ቀጫጭን ዘንጎች ላይ ተደርድረዋል። አበባ ነው። ታብባለች ብዬ አስቤም አላውቅ።

ይሄን ደብተር የከፈትኩት በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ።

የገዛኋት በ2012 ከአንድ ችግኝ ሻጭ ነው። "ፓልም ናት፣ ጥላ ትወዳለች፣ የቤቱን አየር ታጠራለች" ብሎ ሸጠልኝ። ላስቲኩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት "ኒያንቴ ቤላ" ይላል። ቆይቼ ሳጣራ የድሮ የገበያ ስሟ ነው። የሳይንስ ስሟ ካማዶሪያ ኤሌጋንስ ሲሆን ያወጣላት ማርቲየስ የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው፣ በ1830 እ.ኤ.አ.። ፈረንጆች ሳሎን ስለሚያስቀምጧት የሳሎን ዘንባባ ይሏታል። አገሯ ደቡብ ሜክሲኮ፣ ጓቲማላና ቤሊዝ ነው። እዚያ ደን ውስጥ፣ ትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው የምትበቅለው። ሁለት ሜትር ገደማ ከደረሰች ትልቅ ናት። ጣሳ ውስጥ ደግሞ ከዚያም ታንሳለች፤ የኔዎቹ ገና ወገቤ ጋ ናቸው።

ካማዶሪያ የሚለው ቃል ከግሪክ ነው። "ከመሬት ያልራቀ ስጦታ" እንደማለት ነው አሉ፤ ፍሬዋ እጅ የሚደርስበት ስለሆነ። የኛ አገር ዘንባባ ፍሬ ለመልቀም መሰላል ሲያስፈልግ፣ ይቺ ቁጭ ብለህ ትለቅምላታለህ።

ስገዛት ላስቲኩ ውስጥ 11 ግንድ ነበር። አንድ ተክል መስሎኝ ነበር። አይደለም። የሳሎን ዘንባባ እንደ ሙዝ ከሥሯ ልጅ አታወጣም። አንድ ዘር፣ አንድ ግንድ። አፍዪዎቹ ብዙ ዘር በአንድ ላስቲክ የሚዘሩት ሞላ ብላ እንድትታይ ነው። እኔም አንድ ተክል ብዬ 11 እህትማማች ይዤ ገባሁ።

በመጀመሪያው ዓመት አራቱን ገደልኩ። ሦስቱን በውኃ ብዛት፣ አንዷን መስኮት ሥር አስቀምጬ በከሰዓት ፀሐይ። ጥቅምት 2014 ደግሞ እንደ ብዙው የደሴ ሰው ቤቱን ዘግተን ወጣን። ስንመለስ ታኅሣሥ ጋምሷል። ስለ ቤቱ እዚህ አላወራም። ሳሎኑ ጥግ ላይ ግን ከሰባቱ ሁለቱ አረንጓዴ ነበሩ። ሁለት ወር ግድም ጠብታ ውኃ ሳያገኙ። እኔ እያጠጣኋቸው የሞቱት ሦስት፣ ማንም ሳያጠጣቸው የቆዩት ሁለት። ከዚያ ወዲህ ውኃ የያዘ እጄን አላምነውም።

የካቲት 12

ፓፓያ የተከለ ሰው ይሄ ነገር ቶሎ ይገባዋል። ወንዴ ፓፓያ አለ፣ ሴቴ ፓፓያ አለ። የሳሎን ዘንባባም እንደዚያው ናት። ወንዴና ሴቴ አበባ የሚወጣው ለየብቻ ተክል ላይ ነው። ሳታብብ ደግሞ መለየት አይቻልም።

የኔዋ ዘንግ ብዙ ቅርንጫፍ አላት፤ እንክብሎቹ ተጠጋግተው ተደርድረዋል። ሲከፈቱም ጫፋቸው ላይ ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ነው የሚታየው። በጣቴ ነካ ሳደርግ ቢጫ ዱቄት ቀረ። ወንድ ነው። ሁለተኛው ግንድም ዘንግ እያወጣ ነው፤ ቢከፈት ያው ሳይሆን አይቀርም።

አራት ዓመት ሙሉ "አንቺ" ስላት ኖሬ። ከልማድ አልወጣም፣ አንቺ ማለቴን እቀጥላለሁ።

የካቲት 17

ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ ጋ ደወልኩ። እኛ ቤት እታለም ነው የምንላት። እሷም እንደኔው ዓይነት አንድ ጣሳ አላት፤ ሦስት ግንድ ነው። ታብባለች ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

"አይ፣ አበባ የላትም። በየዓመቱ ግን አንድ ብርቱካንማ የሆነ እንጨት ነገር ታወጣለች። በሽታ መስሎኝ እቆርጥላታለሁ።"

ብርቱካንማ! ሴቴዋ ዘንግ ናት ወደ ብርቱካን የምትቀየረው። የወንዴው አበባውን ሲጨርስ ደርቆ ይወድቃል። እታለም ስንት ዓመት ሴቴ ተክል ይዛ ዘንጓን ስትቆርጥ ኖራለች።

"እታለም፣ ዘንድሮ እንዳትቆርጪ። በአላህ።"

"ምን አገኘህ? በሽታ አይደለም እንዴ?"

"ሙሽራ ነው የማመጣላት።"

ስልኩን ሳትዘጋ ሳቋ ቆየ።

መጋቢት 7፣ ኮምቦልቻ

ዘንድሮ ሁለቱም ጾም በአንድ ቀን ነው የገባው። ዐቢይ ጾምም፣ ረመዳንም። ሚኒባሱ ውስጥ ረዳቱን ጨምሮ ውኃ የሚጠጣ ሰው አልነበረም። መንገዱ የሚያቋርጠው ሐረጎ ተራራ ላይ ጉም ነበር። ወደታች ስንወርድ ጃኬቴን አወለቅኩ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከፍታው ግን ከ2,500 ሜትር አካባቢ ወደ 1,850 አካባቢ ይወርዳል። ይሄ ልዩነት ለእኔ ጃኬት ነው። ለዘንባባዋ ምን እንደሆነ ደግሞ ወደ ኋላ ላይ አየሁት።

ብናኙን፣ ያንን የወንዴውን አበባ ቢጫ ዱቄት፣ የሰበሰብኩት ባለፉት አራት ቀናት ነው። ጠዋት ጠዋት፣ አበባው ሲከፈት፣ ከሥሩ ንጹሕ ነጭ ወረቀት እይዝና ዘንጉን በቀስታ በጣቴ እመታዋለሁ። የሚወርደው ዱቄት ጥቂት ነው፤ እፍ ብትለው ያልቃል። ወረቀቱን አጥፌ ትንሽ ፖስታ ውስጥ፣ ፖስታውን ጥሬ ሩዝ ያለበት የጃም ጠርሙስ ውስጥ፣ ጠርሙሱን ፍሪጅ ውስጥ። ሩዙ እርጥበት እንዲጠጣ ነው። እርጥበት የነካው ብናኝ ዋጋ የለውም።

እታለም ዘንጓን አልቆረጠችም። የሴቴዋ ቅርንጫፎች ጥቂት ናቸው፣ እንክብሎቹም ራቅ ራቅ ብለው ነው የተቀመጡት። የአንዳንዶቹ ጫፍ እርጥብ ሆኖ ያብረቀርቃል። ተቀባይ የሆኑት እነሱ ናቸው። የእህቴ ልጅ የዓይን ጥላ መቀቢያ ብሩሽ አመጣችልኝ። "አጎቴ፣ አዲስ ነው ደግሞ፣ ትገዛልኛለህ" ብላ። ብሩሹን ብናኙ ላይ ነከርኩና እያንዳንዱን ነካ ነካ አደረግሁ።

አንድ ቀን አይበቃም። እንክብሎቹ በአንዴ አይከፈቱም። ቀሪውን ብናኝ ለልጅቱ ትቼላት ለሁለት ተጨማሪ ጠዋት እንድትደግመው አሳየኋት። እሷ ከኔ ትሻላለች፤ እጇ አይንቀጠቀጥም።

ለፊጥር ቆየሁ። ሾርባ፣ ሳምቡሳ። የኔ ጾም በእንቁላሉ በኩል ተፈተነ፤ እታለም ድሮውንም አዝናልኝ አታውቅም።

ሚያዝያ 20፣ ሆሳዕና

ጎረቤት የዘንባባ ቀለበት ጎንጉና ላከችልን። እማዬ በጣቷ አድርጋ ቡና አፈላች። ይሄ የኛው አገር ዘንባባ ነው፤ ሰሌን የሚሠራበት፣ ወንዝ ዳር የሚበቅለው። ከሳሎኗ ጋር ዘመድ ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም።

የሚገርመው ግን የሳሎኗም የሆሳዕና ሥራ አላት። ሰሜን ጓቲማላ ውስጥ ፔቴን የሚባል ትልቅ ደን ያለበት ክፍለ አገር አለ። እዚያ ሰዎች ጫካ ገብተው የዚህችን ዘንባባና የዘመዶቿን ቅጠል ይቆርጣሉ። ሻቴ ይሉታል። ወደ ውጭ ይላካል። ከአበባ እቅፍ ጋር ለማድመቂያነት ይሆናል፤ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ አብያተ ክርስቲያናት ለሆሳዕና ይገዙታል። ተቆርጦም ቶሎ ስለማይጠወልግ ነው የተመረጠው።

ለእማዬ ነገርኳት። ቅጠሏን አየት አድርጋ "እንዲህ የሳሳውን ምኑን ይጎነጉኑታል?" አለች። አይጎነጉኑትም፣ እንዳለ ነው የሚይዙት አልኳት። "እሱማ ምን ሆሳዕና ሆነ" ብላ ወደ ጀበናዋ ተመለሰች።

ሰኔ 15

ከኮምቦልቻ ፎቶ መጣ። አረንጓዴ ፍሬዎች! ልጅቱ 43 ቆጥራለች። ዘንጉ ቀለም መቀየር ጀምሯል።

ነሐሴ 4

ክረምቱ ከባድ ነው። ጣሪያ ላይ የወረደውን ውኃ በባልዲ እያጠራቀምኩ ነው፤ የቅጠሏ ጫፍ መቃጠል ከቧንቧ ውኃ ይሁን ከድርቀት ልፈትን ብዬ። ሁለት ሳምንት አንዴ አንድ ብርጭቆ ብቻ እሰጣታለሁ። በዚህ ብርድ ከዚያ በላይ አትጠጣም። መስፈርቴ ጣቴ ነው፦ እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገብቼ እርጥበት ከተሰማኝ አላጠጣም።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቤት መጥቶ "አንድ ቅርንጫፍ ገንጥለህ ስጠኝ፣ እተክለዋለሁ" አለኝ። ዘንባባ ተገንጥሎ አይተከልም። ግንዷ አንድ የማደጊያ ጫፍ ነው ያላት፣ አናቷ ላይ። እሱ ከተቆረጠ ተክሏ አበቃላት፤ ከጎን አታቆጠቁጥም። ቅጠሏም ቢተከል ሥር አያወጣም። ያለው መንገድ ዘር ብቻ ነው። ባልደረባዬ ሰስቼ መሰለው። ፊቱ ያስታውቅ ነበር።

ኅዳር 14፣ 2017፣ ኮምቦልቻ

ፍሬው ደረሰ። ጥቁር፣ አተር የሚያህል፣ ብርቱካንማ ዘንግ ላይ። ስምንት ወር ፈጀ። በማስታወሻዬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ "ሦስት ወር ይበቃታል" ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሰረዝኩት። ከ43ቱ 12ቱ በመሐል ረግፈዋል፣ 31 ቀሩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የፍሬው ሥጋ ቆዳ ያሳክካል። ውስጡ ዓይን የማያየው መርፌ መሰል የኦክሳሌት ክሪስታል አለው። ይሄን አንብቤ አውቅ ነበር፣ ለልጅቱ ግን መንገር ረሳሁ። አምስት ስትፈለፍል እጇ ቀላ። በውኃና በሳሙና ታጥባ፣ ዘይት ቀብተን፣ ለአንድ ሰዓት ያህል እኔን እየሰደበች ቆየች። ቀሪውን እኔ በላስቲክ ጓንት ፈለፈልኩ። ቅጠሏ ለሰውም ለድመትም መርዝ አይደለም፤ ፍሬዋን ግን ልጅ አፉ እንዳይከት።

እያንዳንዱ ፍሬ ውስጥ አንድ ጠንካራ ዘር አለ። ሥጋው ሙልጭ ብሎ መነሳት አለበት፣ አለበለዚያ ይሻግታል። ዘሩን ውኃ ውስጥ አሳደርን። ሦስቱ ተንሳፈፉ፤ ጣልናቸው። 28 ቀረ።

አሁን ይሄን ሁሉ ከላይ ታች ያመላለሰኝ ጥያቄ ላይ ደረስን። 14ቱ ኮምቦልቻ ይቀራሉ፣ 14ቱ ከኔ ጋር ደሴ ይወጣሉ። አንድ ዓይነት አፈር፣ አንድ ዓይነት ጥልቀት፣ አንድ ቀን የተዘራ። የሚለየው አየሩ ብቻ ነው።

አፈሩ እኩል ኮምፖስትና ቀይ አሽ ነው። ቀይ አሹን በወንፊት ነፋሁት፤ ዱቄቱ ወጥቶ ጠጠሩ ብቻ ቀረ። ውኃ እንዳይቋጥር ነው። ዘሩ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ጠለቅ ብሎ ይቀበራል። ዕቃው ከወገቡ የተቆረጠ ሃይላንድ ነው፣ ሥሩ የተበሳ። የላይኛውን ግማሽ እንደ ክዳን መልሼ ደፋሁበት። ፍግ አልጨመርኩም። ዘር ስንቁን ይዞ ነው የሚመጣው።

ጥር 6

ምንም የለም። ደሴም፣ ኮምቦልቻም። የኔዎቹ ፍሪጅ አናት ላይ ናቸው። ከኋላ የሚወጣው ሙቀት ይደርሳቸዋል ብዬ ነው። ቴርሞሜትሩ 18 ይላል። መብራት በጠፋ ቀን 15።

አንዱን ቆፍሬ ልየው አልኩና እማዬ አየችኝ። "ተወው እንጂ። ዘር እየነካኩ አይበቅልም" አለች። ተውኩት። ማታ ተነስቼ ቆፈርኩት። እንደተዘራ ነው።

የካቲት 3

እታለም ደወለች። "ሙሽራህ ወለደ!"

79 ቀን። ሁለት ቀንበጦች፣ እንደ መርፌ የቀጠኑ። በረንዳዋ ላይ ቀን 26፣ 27 ይደርሳል፤ ሌሊትም ብዙ አይወርድም። ምንም የተለየ አላደረገችላቸውም። ክዳኑ ላይ ውኃ ሲያስነጥብ ታነሳዋለች፣ ያ ነው።

የኔ? ባዶ።

መጋቢት 2

ኮምቦልቻ 9 በቅለዋል። እኔ ፍሪጅ ማምለክ ሰልችቶኛል። ሁሉንም አውጥቼ አየሁ። ሦስቱ በስብሰዋል። በጣት ሲጫኗቸው ይፈርጣሉ። 11ዱ ጠንካራ ናቸው። አልሞቱም፤ ብርዱ ነው ያስተኛቸው። ጥፋቱ የኔ ነው። አፈሩ ቀዝቃዛ ሆኖ እያለ ኮምቦልቻ እንደሚጠጣው ያህል አጠጣኋቸው።

ካርቶን ፈለግኩ። ውስጡን በፌሽታ መጠቅለያ ብልጭልጭ ወረቀት ለበድኩት። ከጎኑ ቀዳዳ በስቼ የድሮውን 40 ዋት አምፖል አስገባሁ። የድሮውን ያልኩት ባለ ሽቦውን ነው፤ አዲሶቹ ኤልኢዲ አምፖሎች ለዚህ ሥራ አይሆኑም፣ አይሞቁም። አምፖሉ ካርቶኑን እንዳይነካ በጣሳ ከለልኩት። ቤት ውስጥ ሰው ከሌለ አጠፋዋለሁ፣ እሳት ነውና። ውስጡ 27 ደረሰ። ሌሊት ጠፍቶ 19 ይሆናል። መብራት የጠፋ ቀን የፈላ ውኃ በጀሪካን አድርጌ ጎናቸው አስቀምጣለሁ። ባለቤቴ "ለኔ እንዲህ ሞቀሽ ወይ ብለህ አታውቅ" አለች። መልስ አልነበረኝም።

ግንቦት 11

በቀለ። ከተዘራ በ177ኛው ቀን። ከኮምቦልቻዋ የመጀመሪያ በ98 ቀን ዘግይቶ። ካርቶን ከገቡ ግን ሁለት ወር ከምናምን ነው፤ ከኮምቦልቻ ጋር ሲነጻጸር ያን ያህል አይራራቅም። ፍሪጁ አናት ላይ የጠፋው ጊዜ ንጹሕ ኪሳራ ነው። ደሴም ሆነ ሌላ ደጋ ላይ ያለ ሰው ይሄን ዘር ቢያገኝ ከመጀመሪያው ቀን ሙቀት ይስጠው፣ ወይም ቆላ ዘመድ ካለው ይላክለት።

ሐምሌ 8

የመጨረሻ ቆጠራ፦ ኮምቦልቻ ከ14ቱ 12፣ ደሴ ከ14ቱ 6።

የመጀመሪያዋ ቅጠል ዘንባባ አትመስልም። ሁለት ክንፍ ብቻ ናት፣ እንደ ወፍ ጭራ ለሁለት የተከፈለች። እንደ ላባ የተተነተነው ቅጠል በኋላ ነው የሚመጣው። እታለም "ሌላ ነገር ነው የበቀለው፣ አረም ነው" ብላ ልትነቅላቸው ነበር። ዘንጉን የቆረጠች እጅ!

እኔ ደግሞ የባሰ ሠራሁ። ሁለቱን ገና በአንድ ቅጠል ወደ ላስቲክ አዛወርኳቸው። ስነቅል ከሥራቸው የተያያዘው ዘር ተገነጠለ። ዘሩ ባዶ ቅርፊት መስሎኝ ነበር። አይደለም፤ ችግኟ ገና ከእሱ ነበር የምትመገበው። በሦስት ሳምንት ደረቁ። ቀሪዎቹ አራቱ ሁለተኛ ቅጠል እስኪያወጡ አልነካኋቸውም። ሲዛወሩም ከነአፈራቸው በማንኪያ ነው።

መስከረም 19፣ 2018

ስለ ጠላቶቿ።

ዶሮ። የእታለም በረንዳ ላይ ገብታ ሁለት ችግኝ ጫረች። 10 ቀረ።

ተባይ። ክረምቱ ወጥቶ አየሩ ሲደርቅ የትልቋ ቅጠል ጀርባ ላይ በጣም ጥቃቅን ሸረሪት መሳይ ተባዮች መጡ። ራሳቸው በቀላሉ ለዓይን አይታዩም። ቅጠሉ አቧራ የነሰነሱበት መስሎ ይነጣል፣ ቀጭን ድርም ያደራሉ። ነጭ ወረቀት ሥር ይዘህ ቅጠሉን ብታራግፍ ነጠብጣቦቹ ሲራመዱ ታያለህ። መድኃኒት አልገዛሁም። ተክሏን ሻወር ቤት አስገብቼ የቅጠሎቹን ጀርባ በውኃ ግፊት አጠብኩ። ከዚያ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ያለበት ውኃ ነፋሁበት፣ በማግስቱ አለቀለቅኩት። በአምስት ቀን ልዩነት ሦስት ጊዜ። ጠፉ። አንድ ጊዜ ብቻ አጥበህ ብትተው ዕንቁላሎቹ ተፈልፍለው ይመለሳሉ።

ቡና። እማዬ የጀበናውን አተላ ለሁለት ወር ያህል ወንዴው ጣሳ ውስጥ ስትደፋ ኖራለች። "ማዳበሪያ ነው" ባይ ናት። አፈሩ አናቱ ላይ ቅርፊት ሠራ፤ ጥቃቅን ዝንቦችም ይርመሰመሱበት ጀመር። ላይኛውን ሦስት ጣት ያህል አፈር ጠርጌ ቀይ አሽ አለበስኩት። ለእማዬ ደግሞ ጽጌረዳውን አሳየኋት፣ ውጭ ያለውን። እሱ አልተማረረም።

የዕጣን ጭስ ጠላት አይደለም። ቅጠሏ ላይ ግን ያርፋል፤ በሳምንት አንዴ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ነው።

"አየር ታጠራለች" ስላለኝ ነጋዴም እግረ መንገዴን ልበል። ወሬው የመጣው ናሳ በ1989 እ.ኤ.አ. ካወጣው ጥናት ነው። እነሱ ከዘመዶቿ አንዷን፣ ቀርከሃ መሳዩዋን ካማዶሪያ፣ በተዘጋ ትንሽ ሣጥን ውስጥ ነው የሞከሩት። የኔ ሳሎን በሩ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው፤ አየሩን የሚያጠራው የጦሳ ተራራ ነፋስ ነው።

ታኅሣሥ 21

ትናንት ሌሊት ውጭ ውርጭ ነበር። ጠዋት የጎረቤት ሙዝ ቅጠሉ ተቀቅሎ አደረ። ሳሎን ውስጥ 11 ነበር። ትልልቆቹ ምንም አልሆኑም። መስኮቱ ላይ የረሳኋት አንዷ ችግኝ ግን መስታወቱን የነካው ቅጠሏ ጠቁሯል። መስታወት ሌሊት ብርዱን ያቀብላል። ሁሉንም አንድ ክንድ ያህል ወደ ውስጥ አስገባኋቸው።

በብርድ ጊዜ አታድግም፤ ላስገድዳትም አልሞክርም። ማዳበሪያ የለም፣ ማዛወር የለም፣ ውኃም በሦስት ሳምንት አንዴ። በበልግ፣ አየሩ ሲሞቅ፣ የተበረዘ ፈሳሽ ፍግ በወር አንዴ እጀምራለሁ።

ጥር 16

እታለም በዘመድ እጅ አምስት ችግኝ ላከችልኝ፣ የጫማ ካርቶን ውስጥ፣ በጋዜጣ ተጠቅልለው። ከኔዎቹ ጋር ሳስተያያቸው አፈርኩ። የሷዎቹ አራት አራት ቅጠል ይዘዋል፣ ሁለቱ እንደ ላባ መተንተን ጀምረዋል። የኔዎቹ ገና በጭራ ክንፋቸው ናቸው።

አምስቱን አንድ ጣሳ ውስጥ አጠጋግቼ ተከልኳቸው፣ ሞላ ብለው እንዲታዩ፤ በ2012 እንደገዛሁት አድርጌ። ጠባብ ጣሳ ነው የመረጥኩት፤ ሥሯ ቢጨናነቅ ግድ የላትም፣ ሰፊ ጣሳ ውስጥ ግን ትርፉ አፈር ውኃ ይዞ ይከርማል። የራሴን አራቱን ለየብቻ አደረግኳቸው። ከ1 እስከ 4 ቁጥር ጽፌ ለጠፍኩባቸው። ወንድ ይሁኑ ሴት የሚታወቀው ሲያብቡ ነው፤ ዓመታት ይፈጃል። ቁጥር 3ን ቅርንጫፍ ለጠየቀኝ ባልደረባዬ ነገ ይዤለት እሄዳለሁ።

ትልቁ ወንዴ ዛሬ ሌላ ዘንግ ጀምሯል። እታለም ጋ ደወልኩ። የሷም አውጥታለች።

"ብሩሹን ግን ልጅቷ አልሰጥም ብላለች" አለችኝ። "አዲስ ግዛና ና።"